ኮምፒውተር ሲሶን እንዴት ይቆጥራል?

የተከበራችሁ ወላጆችና የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፣ እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነኝ። የተወለድኩት እዚሁ እስራኤል ሲሆን የምኖረው ጋን ያቭኔ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የተማርኩት በዕብራይስጥ ነው። አማርኛ የምናገረው በቤት ውስጥ፣ ይልቁንም ከአያቶቼ ጋር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ግን በዚህ የቅርስ ክፍል ነው።

የክፍል ጓደኞቼ ስለ ሱዳን መንገድ፣ ስለ ሲግድ በዓልና ስለ ቡና ሥርዓት ጽፈዋል። እኔ ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ ነው። «ኮምፒውተርና ቅርስ ምን አገናኛቸው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እናቴም ይህንኑ ጠይቃኛለች። ጥቂት ብትታገሡኝ ጉዳዩ ከእንጀራ፣ ከእርሻና ከአያቴ ጋር እንደሚገናኝ አሳያችኋለሁ።

በማቴማቲካ ትምህርት «ሔዝካ» የምንለው ነገር አለ። በአማርኛ ርቢ ይባላል። እናንተ ርቢን ከከብት ታውቁታላችሁ። ከብት ሲራባ ይበዛል፤ ቁጥርም እንዲሁ ነው። 2ን ሦስት ጊዜ ስናረባው 2 × 2 × 2 ይሆናል፤ መልሱ 8 ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ሲጻፍ ከ2 በላይ በስተ ጎን ትንሽ 3 ይቀመጣል። ያቺ ትንሽ ቁጥር «ስንት ጊዜ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ናት። ኮምፒውተር ላይ ግን ትንሽ ቁጥር ከላይ ማስቀመጥ ስለማይመች፣ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች በሁለት ኮከብ 2 ** 3 ተብሎ ይጻፋል።

የፕሮግራም ቋንቋ ማለት ሰው ኮምፒውተርን የሚያዝበት ቋንቋ ነው። እንደ ሰው ቋንቋ ሁሉ ብዙ ዓይነት አለው። ፓይተን የሚባለው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1991 ነው። ይህ ዓመት የሰሎሞን ዘመቻ የተደረገበት፣ አያቶቼና በዚያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ወላጆቼ ወደዚህ አገር የመጡበት ዓመት ነው። ፎርትራን ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል፤ የወጣው በ1957 ነው። ጃቫና ሩቢ በ1995 ወጡ። ሁሉም መደመርና ማባዛት ያውቃሉ። 2 ** 3 ስንት ነው ብለን ብንጠይቃቸው በየራሳቸው አጻጻፍ ሁሉም 8 ይላሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር ልምጣ። በኮምፒውተር ክፍል አስተማሪያችን ርቢን በፍጥነት የምናሰላበትን መንገድ ስታስተምረን፣ መጀመሪያ በሰሌዳው ላይ የጻፈችው «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚል ነበር። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም ስለዚህ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። በፕሮግራም መጻሕፍት ዘንድ ግን የታወቀ ስም ነው። ይህ ማባዛት የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ማጥናት አይፈልግም። የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እጥፍ ማድረግና ለሁለት መግመስ።

ለምሳሌ አንድ ሰው 13 በጎች ሊገዛ ፈለገ እንበል። የአንዱ በግ ዋጋ 24 ብር ነው። በግራ በኩል 13ን፣ በቀኝ በኩል 24ን ያስቀምጣል። ግራውን ለሁለት እየገመሰ ይወርዳል፤ ትርፍ ካለ ይጥለዋል። ስለዚህ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል። ቀኙን ደግሞ እጥፍ እያደረገ ይወርዳል፤ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከዚያ በግራ በኩል ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር ይሰርዛል። እዚህ ላይ ተጋማሽ የሆነው 6 ብቻ ስለሆነ ከፊቱ ያለው 48 ይሰረዛል። የቀሩትን ይደምራል፤ 24 እና 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ብር ናቸው። በማባዣ ሠንጠረዥ ብታሰሉትም 13 ጊዜ 24 ያው 312 ነው።

የጥንት ግብፃውያንም በእጥፍ እየቆጠሩ ያባዙ እንደነበር ከዛሬ 3500 ዓመት ገደማ በፊት በተጻፈ ፓፒረስ ላይ ይታያል። የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት የሚሉትም አሉ። እኔን ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተር በውስጡ ሁሉንም ነገር የሚይዘው በሁለት ምልክት ስለሆነ፣ እጥፍ ማድረግና ለሁለት መግመስ ለእርሱ ከሁሉ የቀለለ ሥራ ነው። ስለዚህ ያ መንገድ ለኮምፒውተር በጣም ይስማማዋል።

ለርቢም የሚያገለግለው ይኸው መንገድ ነው። መደመር የነበረው ወደ ማባዛት ይለወጣል፣ እጥፍ ማድረግ የነበረው ቁጥሩን በራሱ ወደ ማባዛት ይለወጣል። 3ን 13 ጊዜ ማርባት ብንፈልግ በግራ 13፣ 6፣ 3፣ 1 እንላለን። በቀኝ 3፣ 9፣ 81፣ 6561 እንላለን። የ6ን መስመር ሰርዘን የቀሩትን 3 × 81 × 6561 ስናባዛ 1,594,323 እናገኛለን። አንድ በአንድ ብናባዛ አሥራ ሁለት ጊዜ ማባዛት ነበረብን፤ በዚህ መንገድ አምስት ጊዜ ብቻ ይበቃል። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል።

ከዚህ በኋላ አስተማሪያችን ከባዱን ጥያቄ አመጣች። «ያቺ ትንሽ ቁጥር ከዜሮ በታች ብትሆንስ? 2 ** -1 ስንት ነው?» አለች። አንድ ልጅ «አንዲት ላም ከዜሮ ጊዜ በታች ልትወልድ ትችላለች እንዴ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እውነቱን ነው፤ በከብት ርቢ ቢሆን ኖሮ መልስ የለውም። በቁጥር ግን መልስ አለው።

ከላይ ወደ ታች እንውረድ። 2 ሦስት ጊዜ ሲረባ 8 ነው። ሁለት ጊዜ 4 ነው። አንድ ጊዜ 2 ነው። በየደረጃው ስንወርድ ለሁለት እየገመስን ነው። ስለዚህ ዜሮ ጊዜ ሲሆን የ2 ግማሽ፣ ማለትም 1 ነው። ከዚያም በታች ብንወርድ፣ ትንሿ ቁጥር -1 ስትሆን የ1 ግማሽ ነው። -2 ስትሆን ሩብ ነው። -3 ስትሆን የስምንት አንድ እጅ ነው። እንጀራ ማለት ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ አንዴ ሲታጠፍ እኩሌታ ይሆናል፤ ሁለተኛ ሲታጠፍ ሩብ ይሆናል። ማንም እናት በየቀኑ የምታደርገው ነገር ነው። መልሱ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሙሉ ቁጥር መሆኑ ይቀራል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚያስቀምጠው በዕቃ ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። ለሙሉ ቁጥር የሚሆን ዕቃ አለ፤ ነጥብ ላለው ቁጥር የሚሆን ሌላ ዕቃ አለ። 2 ሙሉ ቁጥር ነው፤ -1 ሙሉ ቁጥር ነው። መልሱ ግን ግማሽ ነውና በሙሉ ቁጥር ዕቃ ውስጥ አይገባም። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ያንኑ የኢትዮጵያ ማባዛት መንገድ እንዳለ ብንሰጠው ምን እንደሚሆን አስተማሪያችን አሳየችን። ሆን ብላ ነው ያደረገችው። በፓይተን «ትንሿ ቁጥር ዜሮ እስክትሆን ድረስ ግመስ» ብላ ጻፈች። የ-1 ግማሽ ከዜሮ በታች ግማሽ ነው። ፓይተን በሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ወደ ታች ያወርደዋልና ተመልሶ -1 ይሆናል። እንደገና ሲገምሰው አሁንም -1 ነው። ስለዚህ ዜሮ ላይ ሳይደርስ ለዘላለም ይገምሳል። እስክታቆመው ድረስ ማሽኑ ዝም ብሎ ሲለፋ ተመለከትን። ያንኑ ነገር በጃቫ ስትጽፈው ደግሞ ጃቫ ወደ ዜሮ ስለሚያስጠጋ ቶሎ አበቃ። ነገር ግን -1 ለሁለት ሲካፈል የሚተርፈው በጃቫ -1 ነው። ፕሮግራሙ «ትርፉ 1 ነው ወይ?» ብሎ ብቻ ስለሚጠይቅ ጎዶሎ መሆኑን አላወቀም። መልሱ 1 ነው አለ። ግማሽ እንጀራ ለሚገባው ሰው ሙሉ እንጀራ ሰጠ ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ አያቴን ለመጠየቅ ወደ ቅርያት መላኪ ሄድን። አያቴ ከደምቢያ የመጡ ገበሬ ናቸው። ስለ ትምህርቴ መጠየቅ ይወዳሉ። እኔም በምችለው አማርኛ ነገሩን አስረዳኋቸው። «ግማሽ የማያውቅ ማሽን ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም «ታዲያ ሲሶን ምን ያደርገዋል?» አሉኝ። ሲሶ የሚለውን ቃል ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሲሶ ከሦስት አንድ እጅ እንደሆነ፣ እርቦ ደግሞ ከአራት አንድ እጅ እንደሆነ ነገሩኝ።

ሽማግሌዎች ይህንን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ እኔ የምጽፈው እንደ እኔ እዚህ ለተወለዱት ልጆች ነው። ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ የራሳቸው ርስት አልነበራቸውም። አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ ሆነው ይሠሩ ነበር፤ የሚያርሱትም ብዙ ጊዜ የሰው መሬት ነበር። የሰው መሬት የሚያርስ ሰው ከምርቱ ለባለ መሬቱ ይሰጣል። በእኩል ከሆነ ግማሹን፣ በሲሶ ከሆነ ከሦስት አንዱን፣ በእርቦ ከሆነ ከአራት አንዱን። ይህ ነገር በአዋጅ የቀረው የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው በተባለበት በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 ነው። አያቴ እስከዚያ ድረስ በሲሶ ያርሱ ነበር።

«በአውድማው ላይ እንዴት ታሰሉት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን ስሌት አለው ልጄ? ሁለት ቁና ወደዚህ፣ አንድ ቁና ወደዚያ እያልን እንሰፍራለን» አሉኝ። «መጨረሻ ላይ አንድ ቁና ብቻ ቢተርፍስ?» አልኳቸው። «በጣሳ ይሰፈራላ! ጣሳ ካልሞላም በእፍኝ። እህል ተርፎ ማን ይጥላል?» አሉ።

ይህንን ሲሉ የአስተማሪያችን ጥያቄ ገባኝ። ቁናው ሙሉ ቁጥር ነው። ከቁና ያነሰ ነገር ሲመጣ አያቴ ሦስት ምርጫ ነበራቸው። ዕቃውን መለወጥ፣ «አይሰፈርም» ብሎ ማቆም፣ ወይም የተረፈውን እንደሌለ መቁጠር። እርሳቸው ዕቃውን ለወጡ። የፕሮግራም ቋንቋዎችም የተለያዩት በዚሁ ነው። አንድ በአንድ ላሳያችሁ።

ፓይተን 2 ** -1 ሲባል ዕቃውን ይለውጣል። ሁለት ሙሉ ቁጥር ሰጥተነው ነጥብ ያለው ቁጥር፣ 0.5 ይመልስልናል። ይህ ለግማሽ በጣም ጥሩ ነው። ለሲሶ ግን ትንሽ ይጎድላል። 3 ** -1 ሲባል 0.3333333333333333 ብሎ ይቆማል። ሦስቱ ማለቂያ የለውምና የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ አለበት። ዕቃው በሁለት ሁለት የሚቆጥር ስለሆነ የአሥር አንድ እጅ እንኳ በትክክል አይገባበትም። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ፓይተን 0.30000000000000004 ይላል። ይህ ለብዙ ሥራ አይጎዳም፤ ገንዘብ ለሚቆጥር ፕሮግራም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሩቢ ሌላ መንገድ መረጠ። 3 ** -1 ሲባል 1/3 ብሎ ይመልሳል። አይቆርጠውም፣ ወደ ነጥብ አይለውጠውም፤ አንድ ለሦስት ብሎ እንዳለ ይይዘዋል። ይህ ልክ እንደ አማርኛው ነው። አያቴ ሲሶን 0.33 አይሉትም፤ ሲሶ ሲሶ ነው። ሦስት ሲሶ ሲደመር አንድ ሙሉ ይሆናል፤ ምንም አይጎድልም።

ሦስተኛዎቹ እምቢ የሚሉት ናቸው። በጃቫ ለትልልቅ ሙሉ ቁጥሮች የተዘጋጀ ክፍል አለ። ለእርሱ ከዜሮ በታች የሆነ ርቢ ሲሰጡት ስህተት ነው ብሎ ሥራውን ያቆማል። ኔምፓይ የሚባለው ሳይንቲስቶች በፓይተን የሚጠቀሙበት መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ ሙሉ ቁጥርን በኔጌቲቭ ሙሉ ቁጥር ማርባት አይፈቀድም ብሎ በግልጽ ይናገራል። ራስት የሚባለው ቋንቋ ከዚህም ቀደም ብሎ ይከለክላል። በሙሉ ቁጥር ርቢ ውስጥ የትንሿን ቁጥር ቦታ የሚቀበለው ከዜሮ ላልወረደ ቁጥር ብቻ ነውና ፕሮግራሙ ገና ሳይነሣ ይመልሰዋል። ሀስኬል ደግሞ ሦስት ዓይነት የርቢ ምልክት አለው። አንዱ ለሙሉ ቁጥር ነው፤ ከዜሮ በታች አይቀበልም። ሁለተኛው ለክፍልፋይ ነው፤ ከዜሮ በታችም ይቀበላል። ሦስተኛው ነጥብ ላለው ቁጥር ነው። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው የትኛውን እንደሚፈልግ አስቀድሞ መናገር አለበት።

አራተኛው ፎርትራን ነው። ፎርትራን በሙሉ ቁጥር ይጀምራል፣ በሙሉ ቁጥር ይጨርሳል። 2 ** (-1) ሲባል አንድን ለሁለት በሙሉ ቁጥር አካፍሎ ትርፉን ይጥላል። መልሱ ዜሮ ነው። ሲሶም ዜሮ ነው፤ እርቦም ዜሮ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የቋንቋው ሕግ ነው፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ተጠንቅቆ ይሠራበታል። የማያውቅ ሰው ግን ምንም ድምፅ አይሰማም። ማሽኑ አይቆምም፣ አይጮኽም። ዜሮ ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል።

አንድ አምስተኛ ዓይነትም አለ፤ እርሱን የምነግራችሁ ደስ ስለሚል ነው። በሳምንት ቀን መቁጠር ትችላላችሁ? ሳምንት ሰባት ቀን ነው፤ ከሰባት በኋላ ተመልሶ አንድ ይባላል። በሳምንት ውስጥ ግማሽ ቀን ወይም ሲሶ ቀን የለም እንበል። ታዲያ የ3 ግልባጭ ምንድን ነው? በ3 ሲባዛ 1 የሚሰጥ ቁጥር መሆን አለበት። 3 ጊዜ 5 አሥራ አምስት ነው። አሥራ አምስት ቀን ሁለት ሳምንትና አንድ ቀን ነው። ሳምንቶቹን ስንተዋቸው 1 ይቀራል። ስለዚህ በሳምንት አቆጣጠር የ3 ግልባጭ 5 ነው! ክፍልፋይ ሳያስፈልግ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ፓይተን ከ2019 ጀምሮ፣ 3.8 በሚባለው እትሙ፣ ይህንን ማስላት ይችላል። ይህን የመሰለው አቆጣጠር በኢንተርኔት ላይ ምሥጢር ለመጠበቅ ይሠራበታል።

እኔ ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ይሻላል ብዬ ብዙ አሰብኩ። ለአያቴም ሁሉንም ነገርኳቸው። የፎርትራንን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ዜሮ? ታዲያ የሲሶው ባለቤት ምን በልቶ ያድራል?» አሉ። «እምቢ የሚለው ይሻላል። እምቢ ካለ ለምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ። ዝም ብሎ ድርሻሽን የሚያጠፋውን ግን መቼ ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። አስተማሪያችንም በሌላ ቃል ያለችው ይህንኑ ነው። የሚጮኽ ስህተት ቶሎ ይታረማል። ዝም የሚል ስህተት ግን በሺህ መስመር ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

ይህ ነገር የማሽን ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። ብዙ ሽማግሌዎቻችን በመታወቂያቸው ላይ የተወለዱበት ዓመት ብቻ አለ፤ በቀኑና በወሩ ቦታ 00 ተጽፏል። የአያቴም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቅጽ ልሞላላቸው ተቀመጥኩ። ቀን ምረጡ ይላል፤ ያለው ከ1 እስከ 31 ነው። ወር ምረጡ ይላል፤ ያለው ከ1 እስከ 12 ነው። 00 የሚል የለም። ያልተመረጠ ካለ ደግሞ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ስልክ ደወልን። ያነጋገረችን ሴት በትሕትና «ችግር የለም፣ እኔ እሞላዋለሁ» አለች። ደብዳቤው ሲመጣ አያቴ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ቀን ነው ይላል።

አያቴ «እኔ የተወለድኩት በክረምት ነው። እናቴ ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ መሻገር እንዳቃታት ትነግረኝ ነበር» አሉ። በአገራቸው ክረምት ማለት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በጃንዋሪ ዝናብ የሚዘንበው እዚህ ነው እንጂ እዚያ አይደለም። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዝም ብለው ጻፉልኝ እንጂ አልጠየቁኝም» አሉኝ። ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። ቅጹን የሠራው ሰው ክፉ አይመስለኝም። «ሰው ሁሉ የተወለደበትን ቀን በቁጥር ያውቃል» ብሎ አስቦ ይሆናል። ለእርሱ «በክረምት፣ ወንዝ በሞላበት ጊዜ» የሚል መልስ የሚገባበት ዕቃ አልነበረውም። ዕቃ ስላልነበረው መልሱን ለወጠው።

ቤተሰባችን ተመካክሮ ደብዳቤ ጻፍን። ዕብራይስጡን እኔ ጻፍኩት፤ የአያቴን ቃል አባቴ አስረዳኝ። የለመንነው ዓመቱ ብቻ እንደ መታወቂያው እንዲቀመጥ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ተስተካከለ። አያቴ ያንን ወረቀት አጥፈው በሻንጣቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። ቀን የሌለው ወረቀት አግኝቶ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ይህንን ሁሉ የጻፍኩት ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ ፈልጌ ነው።

የመጀመሪያው ስለ ትምህርት ነው። እኔ ባለሁበት የአምስት የሂዶት ማቴማቲካ ክፍል ውስጥ ከማኅበረሰባችን ያለነው ሁለት ልጆች ብቻ ነን። ልጃችሁ ሦስት የሂዶት ይበቃዋል ሲባል፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት ምክንያቱ ትክክል ይሆናል፤ ምናልባትም አይሆንም። ሳይጠየቅ የሚጣል ትርፍ ግን መኖር የለበትም። ቅጾችን፣ ፕሮግራሞችንና የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ከሚሠሩት ሰዎች መካከል አያቱ በክረምት የተወለዱለት ልጅ ቢኖር፣ የቀን ሣጥን ሲሠራ ከጎኑ «አላውቀውም» የሚል ሣጥን ይጨምር ነበር። ያ ልጅ ከእኛ መካከል መውጣት ይችላል። ቅርያት መላኪም፣ ገዴራም፣ ያቭኔም፣ ጋን ያቭኔም ውስጥ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ለሽማግሌዎች ነው። እኔ ሲሶ የሚለውን ቃል ያገኘሁት በአጋጣሚ፣ ስለ ኮምፒውተር ሳወራ ነው። ባልጠይቅ ኖሮ አያቴ አይነግሩኝም ነበር፤ ምክንያቱም ለእኔ የሚጠቅመኝ አይመስላቸውም ነበር። ቁና ስንት እንደሚይዝ፣ ከቁና የሚበልጠውና የሚያንሰው ስፍር ምን እንደሚባል፣ በእጅ ጣት እንዴት እንደሚቆጠር፣ በሲሶ የሚያርስ ሰው ዘሩን ከማን እንደሚያገኝ፣ እነዚህን ሁሉ በመጽሐፍ አላገኘኋቸውም። እናንተ ዘንድ ግን አሉ። በግዕዝ ቁጥር ከ፩ እስከ ፼ መጻፍ በዚህ ክፍል ተምረናል። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የሚባል ምልክት እንደሌለም ተምረናል። በዚያ ቁጥር የሚጽፍ ሰው የሰውን ድርሻ ዜሮ ብሎ ሊጽፍ አይችልም፤ የለም ማለት ከፈለገ በቃል መናገር አለበት። እኔ ይህ ነገር ደስ ይለኛል።

ስለዚህ እባካችሁ ወደ ክፍላችን መጥታችሁ ንገሩን። ልጆቹ አማርኛችን ቢሰበርም እንሰማለን፤ ያልገባንን እንጠይቃለን። እኔም የምትነግሩንን የስፍር ስሞች በሙሉ በፊደል ጽፌ፣ አንዱ ስፍር ከሌላው ስንት እጅ እንደሆነ የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም ልሠራበት አስቤአለሁ። ፕሮግራሙ የሚጻፈው በሩቢ ይሆናል። ምክንያቱም አያቴ ስሙን ሲሰሙ «ሲሶን ሳይቆርጥ የሚይዘው እርሱ ነው አይደል?» ብለው መርጠውልኛል።